አራት የብሎን ቀዳዳ

መስከረም 20

ጆሮዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔን ብትል ደህና ነኝ፤ መዘግየቴን ግን ይቅር በለኝ። «ወረቀቱን አስገባሽ ወይስ አላስገባሽም?» የምትለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምረህበት ስላየሁ፣ ሳላስገባ ብመልስልህ እጅህን በፖስታው ልከህ ጆሮዬን ትቆነጥጠኛለህ ብዬ ፈራሁ። ለዚያውም የማይሰማ ጆሮ፤ ድካምህ ለከንቱ ነበር።

አስገብቻለሁ። «መስማት የተሳናት» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጌ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ የፍራሽ ልብስ ስሰፋ ሰው ሁሉ አለመስማቴን ያውቃል፤ የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን፣ ሱሪውን ሽቅብ ሲጎትት ስለሚውል «ቀበቶ» የምንለው ሰውዬ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ተነስቶ ጨበጠኝ። በዐሥራ አንድ ዓመት ጨብጦኝ አያውቅም። «ሕጉን እናከብራለን» ሲል ከንፈሩን አነበብኩት። እጁ ላብ ላብ ይል ነበር።

ሳቂታዋንም አስመዝግቤያታለሁ። አጠገቤ የምትሰፋዋን ማለቴ ነው፤ እንደኔው አትሰማም። ሳቋን ራሷ ስለማትሰማው፣ ስትስቅ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ያያታል። መጀመሪያ ፈርታ ነበር። «ዝም ብለን ብንኖር ምን አለበት? መዝገብ ላይ የወጣ ስም ለመልካም ብቻ አይፈለግም» አለችኝ በእጇ። እኔ ደግሞ ደብዳቤህን አውጥቼ አሳየኋት። «ወንድሜ ዋናው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ የማያውቀውን አይጽፍም» አልኳት። ባል የላትም፤ ሰባት ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ አለቻት። እኔን አምና ፈረመች፤ እኔ ደግሞ አንተን አምኜ ነው። እንግዲህ አደራው ያንተ ነው።

እኅትህ


ጥቅምት 2

እትዬ፣

እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና! ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጎኔ የምትቀመጠው ባለመነጽሯ ባልደረባዬ «ዕጣ ወጣልህ እንዴ?» አለችኝ።

«ከእንግዲህ ምን ያደርጉኝ ይሆን?» ብለሽ እንዳትሰጊ፤ ምንም አያደርጉሽም። ስለማትሰሚ ብለው ማባረር አይችሉም፤ ደሞዝ መቀነስ፣ እድገት መከልከል አይችሉም። የሥራ ቦታውን ላንቺ እንዲስማማ ማድረግ የነሱ ግዴታ ነው እንጂ ያንቺ ልመና አይደለም። የአደጋ ደወል ባለበት ሁሉ፣ ከደወሉ ጋር ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት መስቀል አለባቸው። ፖስታ ቤት ብትሄጂ፣ ጤና ጣቢያ ብትሄጂ፣ በጽሑፍ ሊያስተናግዱሽ ግድ ነው። ፍርድ ቤት እንኳ ብትቆሚ፣ አይበለውና፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብልሻል። ያውም ዘመድ ያልሆነ፤ እኔ ልተርጉም ብል «ዞር በል» ነው የምባለው!

የኔን ሥራ ደግሞ ልንገርሽ። ከየፋብሪካው ፋይል ይመጣል፤ ፋይሉ ውስጥ ቅጽና ፎቶ አለ። ፎቶውን ከቅጹ ጋር አመሳክሬ «ተሟልቷል» የሚለውን ማኅተም አሳርፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሄዶ ማየትም ነበረብን፤ ግን መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ፋይሉ ደግሞ ጣሪያ ሊነካ ነው።

ልጅ ሆነን ሱቅ ስንሄድ ትዝ ይልሻል? አንቺ በእጅሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ለባለሱቁ እናገራለሁ። አንዳንዴ ለራሴ ከረሜላ ጨምሬ «እሷ ናት ያለችው» እል ነበር። ይኸው አሁን እዳዬን በማኅተም እየከፈልኩ ነው። ዘንድሮም ሳልመጣ መቅረቴን ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ጆሮዬ፣

ከረሜላውን ያኔውኑ አውቄብህ ነበር። ከንፈርህን አነብ የለ! ትንሽ ስለነበርክ ዝም አልኩ እንጂ።

እኔንና ሳቂታዋን አዲስ ክፍል አዛውረውናል። ከመቁረጫው አዳራሽ ጀርባ ያለው የትራስ ክፍል ነው። የተቆራረጠ ስፖንጅ ተራራ አክሎ ተከምሯል፤ እሱን በማሽን እየፈጨን ትራስ እንሞላለን። ማሽኑ የሚሰማ ሰው ያሳብዳል አሉ፤ ከኛ በፊት የነበሩት ሦስቱ ተራ በተራ ለቀዋል። ቀበቶ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «እናንተን ጫጫታ አይጎዳችሁም። ሕጉ ተስማሚ ቦታ ስጡ ይላል፤ ይኸው ተስማሚ ቦታ።» ሳቂታዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

በሩ አንድ ነው፤ የሚከፈተውም ስፖንጅ በጋለ ሽቦ ወደሚቆረጥበት አዳራሽ ነው። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ናት፤ ድመት ካልሆነ ማንም አያልፍባትም። ከሰዓት በኋላ ከመቁረጫው በኩል የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ይለመዳል አሉ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ትናንት ሽማግሌው መካኒክ መጥቶ ቀይዋን መብራት ከበሩ በላይ በአራት ብሎን ሰቀላት። ወዲያው ፎቶ አንሺ መጣ። «ፎቶው የት ይሄዳል?» ብዬ ጽፌ ጠየቅኩ። «ዋናው መሥሪያ ቤት» ብለው ሲጽፉልኝ ልቤ ዘለለች! ሮጬ አንተ የላክህልኝን ሰማያዊ ሻርፕ አመጣሁና ከመብራቷ ሥር ቆምኩ። ወንድሜ አይቶኝ «ደህና ናት» ይበል ብዬ ጥርሴን ሁሉ አሳየሁ። ሳቂታዋ «ሰርግሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ደርሶህ ይሆን?

እኅትህ


ኅዳር 8

እትዬ፣

ደረሰኝ! ፋይሉን ስገልጠው አንቺ! ሻርፑ እንዴት ያምርብሻል! ቢሮው ውስጥ ለሁሉም እያዞርኩ አሳየኋቸው።

አንድ ደንብ አለን፤ ዘመድ ያለበት ፋይል ለሌላ ሠራተኛ ይተላለፋል። ባለመነጽሯም «አምጣው እኔ ልያዘው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ በኩል ስለማልፍ ገብቼ አየዋለሁ» አለችኝ። የእኅቴን ፎቶ ለሌላ ሰው ልሰጥ? «ይህን ሳቅ አይተሽ ደግሞ ሄደሽ ልታረጋግጪ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት። ማኅተሙን በገዛ እጄ አሳረፍኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላም የምሥራች አለኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ለቅርንጫፍ ኃላፊነት ታጭቻለሁ። ሹመቱ ጥር ሃያ ይወጣል፤ አለቃዬ «ፋይል የማይቆለልብህ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

እስቲ ንገሪኝ፣ መብራቷ ስትበራ እንዴት ናት? ሞክረው አሳዩዋችሁ? ከተቀመጥሽበት ትታይሻለች?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ጆሮዬ፣

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዝቶብን ነው። ብርዱም ዘንድሮ ሌላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ መርፌ አይዝልኝም።

ሹመትህን ለሳቂታዋ ብቻ ነገርኳት፤ እሷ እንኳን ለሌላ ሰው ለራሷም አትናገርም። ብድግ ብላ አጨበጨበች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ፤ አንተ ግን አደራህን፣ ሳትበላም ሳትሻርም ኑርልን።

ስለ መብራቷ ጠይቀሃል። ቀይ ናት። ብርዱ እስከ ጥር አይለቅም አሉ። የሳቂታዋ ልጅ የፊት ጥርሷ ወልቆ እናቷን በመሳቅ አስንቃታለች። በር ላይ የሚከመረው የስፖንጅ ጥቅል ስለበዛ በጎን ነው የምንገባው፤ ትንሽ መክሳት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

እኅትህ


ታኅሣሥ 14

እትዬ፣

የጠየቅኩሽ ሌላ፣ የመለስሽልኝ ሌላ። አንቺ የምትደብቂው ነገር ሲኖር ስለ አየር ጠባይ ነው የምታወሪው። የእማዬን ማሰሮ የሰበርሽ ቀን ስንት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ እንዳወራሽ አልረሳሁም።

አሁን አትቀልጂብኝ፤ ፈርቻለሁ። ትናንት የአንድ ብስኩት ፋብሪካ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ፎቶው ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ የመስታወቷ ግራ ጥግ ተሰንጥቋል። የሆነ ቦታ ያየኋት መሰለኝ። ያንቺን ፋይል ከመደርደሪያ አውርጄ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ያችው ናት እትዬ። ያው ስንጥቅ። ቀኑ ደግሞ ያንቺ ፎቶ በተነሳ በሦስተኛው ቀን ነው።

ባለመነጽሯ ቀና ስትል ፋይሉን ዘጋሁት። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ መብራቷ አለች ወይስ የለችም?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 25

ጆሮዬ፣

የለችም።

ፎቶው በተነሳ በነጋታው ሽማግሌው መካኒክ መሰላሉን ይዞ መጣና ፈታት። «ምነው?» ብለው እጁን ዘርግቶ «ውሰት ናት እናቴ፤ ሌላ ቦታ ትፈለጋለች» አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ከበሩ በላይ አራት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። በኅዳር ደብዳቤህ ማኅተሙን ራሴ አሳረፍኩ አልከኝ፤ ሹመቱንም ነገርከኝ። እንግዲህ እኔ «መብራት የለም» ብዬ ብጮህ «አለ ያለው ማነው?» አይሉም? ያንን ሁሉ ጥርስ ያሳየሁት ላንተ ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ የገዛ ሳቄ ወሰደን።

አንተ ግን አትጨነቅ፤ እኔና ሳቂታዋ መላ አበጅተናል። ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። አንዳችን ማሽኑን ስናጎርስ ጀርባችን ወደ በሩ ስለሚሆን፣ ሌላዋ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትራስ ትሰፋለች። ሰው ሲሯሯጥ ወይም ጭስ ካየች እግሯን መሬት ትመታለች፤ ወለሉ እንጨት ስለሆነ በእግራችን ይሰማናል። መብራት ከልክለውን እርስ በርሳችን መብራት ሆንን እልሃለሁ! ሁለት እስከሆንን ድረስ ምንም አንሆንም። ሹመትህ እስኪወጣ ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

እኅትህ


ጥር 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። መጀመሪያ ፋይሉን ይዤ አለቃዬ በር ድረስ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩና አሰብኩ። አሁን ብናገር የምባረረው እኔ ነኝ፤ ቀበቶ በቅጣት ያልፋል፤ በኔ ቦታ የሚመጣው ደግሞ ፎቶውን እንኳ የማያይ ሰው ይሆናል። ተመለስኩ።

ሹመቱ ሊወጣ ዐሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው። ያን ጊዜ ሥልጣን ይኖረኛል፤ መብራቷን በቦርሳዬ ይዤ ራሴ እመጣና እኔው እሰቅላታለሁ። ዐሥራ ሰባት ቀን ብቻ ታገሺኝ።

እስከዚያ ማስረጃ በእጄ ቢኖር ይበጀናል። መቼ ተሰቀለች፣ መቼ ወረደች፣ ማን አወረዳት፣ ሁሉንም ጽፈሽ በአደራ ፖስታ ላኪልኝ። ለሰው አትስጪ፤ አንቺው ወስደሽ ፈርመሽ አስረክቢ። ፖስታ ቤቱ አንቺ ከሥራ ሳትወጪ ስለሚዘጋ «ጤና ጣቢያ ልሄድ» ብለሽ በሥራ ሰዓት አስፈቅጂ። አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም።

ወንድምሽ


ጥር 15

ጆሮዬ፣

ያልከኝን ሁሉ በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚሁ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ቀኑንም፣ የመካኒኩንም ነገር። ይህችን ጭማሪ የምጽፍልህ ፖስታ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። የመስኮቷ ሴትዮ አለመስማቴን ስታይ ወረቀት አውጥታ «ትንሽ ጠብቂ» ብላ ጻፈችልኝ። እንዳልከው ሕጉ እዚህ ይሠራል፤ ደስ አለኝ።

ቀበቶ ለአንድ ሰዓት ፈቅዶልኛል። ሳቂታዋን «ማሽኑን አትንኪ፤ እስክመጣ ፊትሽን ወደ በሩ አድርገሽ ስፊ» ብያታለሁ። «እሺ እማማ» ብላ ቀለደችብኝ። ግን ዛሬ የጫኝ መኪና ይመጣል ተብሏል፤ የተፈጨው ስፖንጅ ደግሞ አልቋል። እሷን አውቃታለሁ፤ ሥራ ቆሞ ማየት አይሆንላትም። ቶሎ ልመለስ።

ወረፋው አይሄድም። ከመስኮቱ ውጭ ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ፋብሪካችን በኩል ይሮጣል። አፋቸው ሁሉ ተከፍቷል፤ ምን እንደሚሉ ከዚህ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም። የመስኮቷ ሴትዮም ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ውጭ እያየች ነው። ጻፊልኝ አልኳት፤ አልጻፈችልኝም።

ልዘጋው።


የካቲት 2

እትዬ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ አልመለስሽልኝም። አልፈርድብሽም።

የሳቂታዋ ቀብር ላይ መጥቼ ነበር። ከሰው ኋላ ቆሜ አንቺን አየሁሽ፤ የልጇን እጅ ይዘሻል። ልጅቷ ሰው የሚለውን እየሰማች በእጇ ለአንቺ ትተረጉም ነበር። መጠጋት አቃተኝ፤ ሳልታይሽ ተመለስኩ። እሳቱ ሲነሳ ደወሉ እንደሚገባው ደውሎ ኖሯል አሉኝ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ከተሰለፈ በኋላ ነው የትራስ ክፍሉ የታወሳቸው። እሷ ማሽኑ ላይ ጎንበስ እንዳለች ነበር። ያን ቀን ከሥራሽ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ ተረፍሽልኝ፤ አንቺ በመትረፍሽ ደስ ሲለኝ በራሴ አፍራለሁ።

ሹመቱ በቀኑ ወጥቷል። በማግስቱ ፋይሉ ተጠየቀ።

አሁን የምልሽን አትቆጪኝ። ፍርድ ቤት ትጠሪያለሽ። የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው፤ መብራቷ መቼ ወረደች? «ከፎቶው በኋላ አንድ ወር ቆይታለች» ብትዪ ማኅተሜ እውነት ይሆናል። ያወረዳትም ሽማግሌው መካኒክ ነው፤ ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ሳቂታዋን ምንም አይመልሳትም እትዬ። እኔም ብጠፋ አትመለስም። የአደራ ደብዳቤሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም። አንድ ወር በይ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።

ወንድምሽ


የካቲት 11

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስቱም ቀደም ብለው ደርሰውኛል። ላለመመለሴ ይቅርታ አልጠይቅህም።

ሽማግሌው መካኒክ ቤቴ መጥቶ ነበር። ወንበር ስሰጠው አልቀመጥ አለ። «ቀበቶ አዘዘኝ፣ እንጀራዬ ነው ብዬ ፈታሁ» አለኝና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያንን አንድ ወር ብናገር እስር ቤት የሚገባው እሱ ነው። አንተ እያወቅክ ነው የጻፍከው፤ እኔን የጎዳኝ ይኼ ነው።

የሳቂታዋ ልጅ ከኔ ጋር ናት። ባለፈው ፀጉሯን ስሠራት ዞር አለችና «እማዬ ፊቷ ወደ በሩ ነበር?» አለችኝ በእጇ። ምን ልበላት? «አልነበረም» አልኳት። «አንቺስ የት ነበርሽ?» አለችኝ። እሱንም ነገርኳት። ለሰባት ዓመት ልጅ እውነቱን ተናግሬ ለዳኛ የምዋሽበት አፍ ከየት ላምጣ?

ግድግዳው ጠቁሯል፤ አራቱ ቀዳዳዎች ግን አሉ። መርማሪው ጣቱን ሲከትባቸው አይቻለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያንን ፎቶ አውጥተው ያሳዩኛል። ለምን እንደሳቅኩ ይጠይቁኛል፤ ወንድሜ እንዲያየኝ ነበር እላቸዋለሁ። ማኅተሙ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። አውቄ ዝም ማለቴንም አልደብቅም። እሷን ያስፈረምኳት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቅጣቱ ላንተ ብቻ እንዲሆን አይደለም የምናገረው።

ደብዳቤ አንተ ጋ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅበታል። ይህን ስታነብ እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ስልክ አስደውዬ ላስጠነቅቅህ እችል ነበር። መጥተህ ፊቴ ብትቆም ግን እንደማልችል ስለማውቅ በፖስታ አደረግኩት። የአደራ ደብዳቤዬ አሁንም በመሳቢያህ ካለ፣ ሳይጠይቁህ በእጅህ ይዘኸው ሂድ። እንደ ታላቅ እኅትህ የምለምንህ እሱን ብቻ ነው።

አስተርጓሚ መድበውልኛል። ከሌላ ከተማ የመጣች ወጣት ናት፤ ዛሬ ተገናኘን። ዘመዴ አለመሆኗን አስፈርመዋታል። ሕጉ እንዳልከው ነው፤ ቢያንስ ይኼኛው ተሟልቷል። ልትለማመድ ብላ አንድ ነገር ንገሪኝ አለችኝ። የከረሜላውን ነገር ነገርኳት፤ ባለሱቁ ፊት ቆመህ ቃሌን እንዴት ታደርስልኝ እንደነበር። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች።

«ነገ ያልሺውን ብቻ ነው የምናገረው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም» አለችኝ።

እኅትህ